ችሎት ያልቀረበው መጽሐፍ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአምቦ መንገድ ወደ ምዕራብ የሚጓዝ ሰው፥ ሆለታንና አዲስ ዓለምን አልፎ፥ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄድ ጊንጪ ይደርሳል። ጊንጪ የደንዲ ወረዳ ከተማ ናት፤ በጤፏና በገበያዋ፥ ከጭሊሞ ደን ጋር ባላት ጉርብትናም ትታወቃለች። በዚህ አገር የቆየ ልማድ፥ ሠርግ በሚደረግበት ጊዜ የሙሽራዪቱ ወገን ልጃገረዶች ሙሽራውንና ሚዜዎቹን የሚቀበሉት በዘፈን እየሰደቡ ነው። ይህ ዐይነቱ ዘፈን በአፋን ኦሮሞ «አራብሶ» ይባላል። የሙሽራው መልክ አይቀር፥ የአባቱ ንፉግነት አይቀር፥ የሚዜዎቹ ሆዳምነት አይቀር፤ ሁሉም በዜማ ይወርድባቸዋል። በሌላ ቀን ቢነገር ዱላ የሚያማዝዘው ቃል፥ በዚያን ዕለት ሳቅ ብቻ ያስነሣል። የተሰደበው ወገን ቢቆጣ ነውሩ የእርሱ ይሆናል እንጂ የሰዳቢዎቹ አይሆንም። ሽማግሌዎቹም ቁጭ ብለው ይሰማሉ፤ ለቃሉ ጊዜና ቦታ ተሰጥቶታልና።

በአማርኛ ተናጋሪው ወገንም ነገሩ ከዚህ የራቀ አይደለም። አዝማሪ መሰንቆውን ይዞ በጠጅ ቤት ሲቆም፥ ባለቤቱን ከነእንግዶቹ ቢነካ፥ ገላን የሚመለከት ነገር በሰምና ወርቅ አዳቅሎ ቢጥል፥ ይሸለማል እንጂ አይያዝም። እንግዲህ አገራችን ነውርን የማታውቅ አገር ናት የሚል ቢኖር ተሳስቷል፤ ነውርን አጥብቃ የምታውቅ፥ ስለዚህም መቼና በማን አፍ ሊነገር እንደሚቻል ደንብ ያበጀች አገር ናት። ለመመርመር የፈለግነው ግን ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣውን ነገር ነው። ይኸው ቃል ከአፍ ወጥቶ በወረቀት ላይ ሲሰፍር፥ በልብ ወለድ መጽሐፍ ገጽ ላይ ሲታተም፥ ምን ደረሰበት? ማን ፈረደበት? በምን ሕግ?

ወደ ዘመናዊው ድርሰት ከመግባታችን በፊት፥ ስለ ጥንቱ ጽሑፋችን ጥቂት ቃል ማስገባት ግድ ይሆንብናል። ክብረ ነገሥትን ያነበበ ሁሉ እንደሚያስታውሰው፥ ንጉሥ ሰሎሞን ንግሥት ማክዳን ያጠመደበት ብልሃት፥ ጥማት የሚያመጣው ምግብ፥ የመሐላው ነገር፥ በሌሊት የተቀዳው ውሃ፥ ሁሉም ሳይሸፋፈን ተጽፏል። መኃልየ መኃልይንም ብንመለከት፥ ከንፈርና ጡት፥ አንገትና ጭን በስማቸው ተጠርተው እናገኛቸዋለን። ይህን መጽሐፍ ከቅዱሳት መጻሕፍት ተራ ለማውጣት ያሰበ የአገራችን ሊቅ የለም። ሊቃውንቱ ያደረጉት ሌላ ነው፤ አንድምታ ሠሩለት። አንዱን ቃል ብቻ ነጥሎ ያነበበ ሰው ይሰናከላል፤ ከላይና ከታች ካለው ጋር አስተያይቶ፥ የመጽሐፉን ሐሳብ ከዳር እስከ ዳር ይዞ የተረጎመ ግን ምሥጢሩን ያገኛል ብለው አስተማሩ። አንባቢዎቻችን ይህን ነጥብ በልባቸው እንዲይዙልን እንለምናለን፤ ወደ ኋላ እንደምናየው፥ በሩቅ አገር ያሉ ዳኞች ብዙ ተከራክረው የደረሱበት ነገር ይኸው ነውና።

በአውሮጳ ስለ ጸያፍ መጽሐፍ የተደረጉት ክርክሮች ብዙ ናቸው፤ እኛ የምንጠቅሰው ጥቂቶቹን ብቻ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1857 ዓ.ም. በፓሪስ ጉስታቭ ፍሎቤር «ማዳም ቦቫሪ» ስለተባለው ልብ ወለዱ ተከሰሰ። የባሏን አልጋ የከዳች ሴት ታሪክ ሲጽፍ፥ ከመጽሐፉ ሰዎች መካከል አንድ እንኳ የሚኮንናት አላቆመም የሚል ነበር የዓቃቤ ሕጉ የኤርኔስት ፒናር ዋና ነቀፌታ። ፍርድ ቤቱ ደራሲውን በተግሣጽ ብቻ በነፃ ለቀቀው፤ ፍሎቤርም መጽሐፉን ላሸነፈለት ጠበቃ ለሴናር መታሰቢያ አደረገው። በዚያው ዓመት፥ በዚያው ከተማ፥ ያው ፒናር ባለቅኔውን ቦድሌርን ከሶ አስቀጣው፤ ባለቅኔው 300 ፍራንክ መቀጫ ተፈረደበት፥ ስድስት ግጥሞችም ከመጽሐፉ እንዲወጡ ታዘዘ። ይህ ፍርድ የተሻረው በ1949 ነው፤ ባለቅኔው ከሞተ ከ80 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ መሆኑ ነው።

በአሜሪካ በ1933 ዳኛ ዉልሲ የጄምስ ጆይስን «ዩሊሲስ» እንዲመረምሩ በቀረበላቸው ጊዜ፥ መጽሐፉን በሙሉ አነበቡት። ይህ ቀላል ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን መጽሐፍን የሚከስ ሰው አዘውትሮ የሚያነበው ምልክት የተደረገባቸውን ገጾች ብቻ ነው። ዳኛው ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንብበው፥ የደራሲው ሐሳብ ሴሰኝነትን መቀስቀስ አለመሆኑን ተረድተው፥ መጽሐፉ ወደ አገር እንዲገባ ፈቀዱ። እንግሊዞችም በ1959 ባወጡት ሕግ መጽሐፍ የሚመዘነው በሙሉው ነው፥ ለሥነ ጽሑፍ ጥቅም ያለው እንደሆነም ሊቃውንት ቀርበው ሊመሰክሩ ይችላሉ ብለው ደነገጉ። ሕጉ በወጣ በዓመቱ የሎሬንስ «የሌዲ ቻተርሊ ወዳጅ» ለንደን ላይ ተከሰሰ። ዓቃቤ ሕጉ ለመማክርቱ ያቀረበው ጥያቄ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል፤ ይህን መጽሐፍ ሚስቶቻችሁ ወይም አገልጋዮቻችሁ እንዲያነቡት ትወዳላችሁን? ብሎ ጠየቃቸው። ከመማክርቱ መካከል ሦስቱ ሴቶች ነበሩ። ተከላካዩ ወገን 35 ምስክሮች አሰማ፤ መማክርቱም አታሚውን ነፃ ለቀቁ። አስቀድሞ የተዘጋጀው 200,000 ቅጂ በተለቀቀበት ዕለት አለቀ። በጃፓን ግን የዚሁ መጽሐፍ ተርጓሚና አታሚ በ1957 በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ተፈርዶባቸዋል።

እንግዲህ በእነዚህ አገሮች ፍርዱ አንዳንድ ጊዜ ለደራሲው፥ አንዳንድ ጊዜ በደራሲው ላይ ወጣ። ዓቃቤ ሕግም አንዳንድ ጊዜ ያሳቃል። ሆኖም ሁሉም አንድ የሚጋሩት ነገር አላቸው። መጽሐፉ በአደባባይ ተነበበ፤ ከሳሹ ስሙን ተናግሮ ቆመ፤ ተከሳሹ መልስ ሰጠ፤ ዳኛው ምክንያቱን ጻፈ። ያ የተጻፈው ምክንያት ዛሬም አለ፤ ተማሪ ሊያነበው፥ ሊቃወመው ይችላል።

ወደ አገራችን እንመለስ። በ1948 ዓ.ም. የታወጀው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በ41ኛው አንቀጽ የንግግርና የጽሑፍ ነፃነት በሕግ መሠረት የተጠበቀ መሆኑን ይናገር ነበር። በ1949 ዓ.ም. የወጣው፥ የስዊሱ ሊቅ ዣን ግራቨን ያረቀቁት የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም፥ ጸያፍ ጽሑፍና ሥዕል አትሞ የሚያሰራጨውን የሚቀጣ አንቀጽ ነበረው። ስለዚህ ሕገ መንግሥቱ ነፃነቱን፥ ወንጀለኛ መቅጫው ወሰኑን ሰጥተዋል፤ በሁለቱ መካከል የሚቆመው ዳኛ ነው ብሎ ማሰብ ተገቢ ነበር። የሆነው ግን እንዲህ አልነበረም። መጽሐፍ ዳኛ ፊት ሳይደርስ የሚቀርበት ሌላ በር ነበረ። የእጅ ጽሑፉ አስቀድሞ ለሳንሱር ክፍል ይቀርባል፤ መርማሪው ያነባል፤ ያልወደደውን ይሰርዛል፥ ወይም ጽሑፉን እንዳለ ያስቀረዋል። ፈቃድ ያላገኘውን ጽሑፍ ማተሚያ ቤት አይቀበለውም። ይህ ሥራ በተለያየ ስም፥ በኋላም በማስታወቂያ ሚኒስቴር ሥር፥ ከንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ወደ ደርግ ተሻግሮ ኖረ። መንግሥቱ ተለወጠ፤ የቀዩ እስክርቢቶ ሥራ አልተለወጠም።

የዚህ መጽሔት ዐይነት ገጽ፥ ማለት በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚዘጋጅ የሥነ ጽሑፍ ገጽ፥ ስለዚህ ጉዳይ ሲናገር ከራሱ ቤት እንደሚጀምር አንዘነጋም። ቀዩ እስክርቢቶ የመሥሪያ ቤት ንብረት ነበር።

በሙግት የሚኮራ ሕዝብ፥ በላ ልበልሃ ብሎ ተከራክሮ፥ በግጥም የረታ፥ በነገር የተረታ ሕዝብ፥ የመጽሐፉን ነገር ያለ ሙግት መጨረሱ ያስገርማል። አባቶቻችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ይልቅ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች» ይሉ ነበር። በጊንጪና በአምቦ አካባቢም የጃርሱማ ሸንጎ ከዛፍ ጥላ ሥር ሲቀመጥ፥ በዳይም ተበዳይም ሳይሰሙ አይፈረድም። ለአንድ ጥማድ በሬ፥ ለአንድ ክንድ ድንበር ይህን ያህል የሚሟገት ሰው፥ ደራሲ ሦስትና አራት ዓመት የደከመበት መጽሐፍ ሲታገድ የሚሟገትበት ችሎት አልነበረውም።

ለዚህ አንዱ ምክንያት ልብ ወለዳችን ራሱ የተወለደበት መንገድ ይመስለናል። ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የመጀመሪያውን የአማርኛ ልብ ወለድ በ1900 ዓ.ም. በሮም ሲያሳትሙ፥ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም «ወዳጄ ልቤ»ንና «አዲስ ዓለም»ን ሲጽፉ፥ ድርሰት ማለት ምክር ማለት ነበር። ደራሲው አስተማሪ፥ አንባቢው ተማሪ ነው። አስተማሪ ደግሞ በተማሪው ፊት አፉን ይጠብቃል። ክቡር አቶ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲያወጡ፥ ስለ ባላባት ጭካኔና ስለ ቤተ ክህነት ግብዝነት ብዙ ደፍረው ጽፈዋል፤ የበዛብህንና የሰብለ ወንጌልን ፍቅር ግን በጨዋ መጋረጃ ሸፍነው ነው ያሳዩን። በዚህ አንነቅፋቸውም፤ መጋረጃው ለታሪኩ ይስማማዋል። የምንለው፥ ጨዋነት ከድርሰት መልኮች አንዱ ሆኖ ሳለ፥ ሁሉም ደራሲ እንዲለብሰው የሚገደድበት የደንብ ልብስ ሆኖ መቅረቱን ነው።

ይህን የደንብ ልብስ አልለብስም ያሉት አቶ ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር ናቸው። በ1928 ዓ.ም. ከአድዋ አጠገብ ተወልደው፥ በአዲስ አበባ ተምረው፥ በፈረንሳይ አገር በኤክስ አን ፕሮቫንስ ጥቂት ጊዜ የተቀመጡት እኒህ ሰው፥ «ሌቱም አይነጋልኝ» የተባለውን መጽሐፍ የጻፉት በ1950ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ገደማ ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው በውቤ በረሃ ነው። ለወጣት አንባቢዎቻችን ለማስታወስ ያህል፥ ውቤ በረሃ ማለት ስሙን ከደጃዝማች ውቤ አጥናፍ ሰገድ ያገኘ፥ በአራዳ አካባቢ የነበረ፥ በሌሊት ቡና ቤቶቹ የታወቀ የአዲስ አበባ ሰፈር ነው። አቶ ስብሐት በዚያ የሚሠሩትን ሴቶችና የሚመላለሱባቸውን ወንዶች፥ ንግግራቸውን ሳያቃኑ፥ የሚያደርጉትንም ሳይሸፍኑ ጻፉ። የገላ ብልቶች በሕዝቡ አፍ በሚጠሩበት ስም ተጠሩ።

የዚህ መጽሐፍ ነገር በጥንቃቄ ሊታይ የሚገባው ነው። ከእርሳቸው በፊት በአማርኛ ስለ ሴተኛ አዳሪ የጻፈ አልነበረም ማለት አይደለም፤ ነበረ። ሌሎቹ የጻፉላት ግን በመጨረሻው ገጽ ላይ ታማ እንድትሞት ወይም ተጸጽታ ወደ አገሯ እንድትመለስ ነው። አንባቢው በኃጢአቷ እየተደሰተ ሁለት መቶ ገጽ ይጓዛል፤ በመጨረሻ በቅጣቷ ኅሊናውን ያጥባል። ፒናር ከፍሎቤር የፈለገው ይህንኑ ነበር። አቶ ስብሐት ግን ዳኛም ካህንም አልሆኑም። ሴቶቹ ይስቃሉ፥ ይጣላሉ፥ ይበደራሉ፥ ያፈቅራሉ፥ ይነጋባቸዋል ወይም አይነጋባቸውም። የሳንሱሩን ሰው ያስደነገጠው ቃሉ ብቻ ነው ብለን አናምንም። ቃሉ ቢሰረዝ እንኳ የሚቀረው ነገር፥ እነዚህ ሴቶች ሰዎች ናቸው የሚለው፥ በቀይ እስክርቢቶ የሚወጣ አልነበረም። ስለዚህ ሙሉው ጽሑፍ ከሠላሳ ዓመት በላይ ለአንባቢ ሳይደርስ ቆየ። በፈረንጆች 2004 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር «የአዲስ አበባ ሌሊቶች» በሚል ትርጓሜ ታትሞ የውጭ አንባቢ አወቀው፤ በአማርኛም ሳይቆረጥ ታተመ። ደራሲው በየካቲት 2004 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ፥ ገሚሱ አንባቢ አማርኛን ከአዳራሽ ወደ ጓዳ ያስገባ ብልህ አድርጎ ሲያያቸው፥ ገሚሱ ባለጌ ጸሐፊ ይላቸው ነበር።

እኛ በዚህ ሁለት ወገን መካከል ስንገባ፥ መጽሐፉ ሁሉ እኩል ያማረ ነው አንልም። አንዳንዱ ገጽ ደራሲው ቃሉን የሚጠራው ታሪኩ ስለጠየቀው ሳይሆን መከልከሉ ስላናደደው ይመስላል። ነገር ግን ይህ የሐያሲ እንጂ የሳንሱር ሥራ አይደለም። ሐያሲ ሲሳሳት ሌላ ሐያሲ ያርመዋል፤ መርማሪ ሲሳሳት መጽሐፉ የለም።

በዚህ ስፍራ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። ነውር የተባለውና ለመንግሥት አይመችም የተባለው ሐሳብ በአንድ ጠረጴዛ ላይ፥ በአንድ እስክርቢቶ ስለሚታዩ፥ አንዱ በሌላው ስም ይታገድ ነበር። አቶ አቤ ጉበኛ በ1955 ዓ.ም. ባሳተሙት «አልወለድም» ውስጥ፥ በማኅፀን ያለ ጽንስ ወደዚህ ግፍ ወደበዛበት ዓለም አልመጣም ብሎ ይሟገታል። መጽሐፉ ወዲያው ታገደ፤ በውስጡ የሚያሳፍር ነገር ስላለ ሳይሆን፥ ጽንሱ እውነት ስለተናገረ ነው። በኋላም በደርግ ዘመን የአቶ በዓሉ ግርማ ነገር መጣ። አቶ በዓሉ የ«መነን»፥ የ«አዲስ ዘመን» እና የሌሎች ጋዜጦችና መጽሔቶች አዘጋጅ የነበሩ፥ በማስታወቂያ ሚኒስቴርም እስከ ቋሚ ተጠሪነት የደረሱ ሰው ናቸው። ሳንሱር ከሚሠራበት ቤት ውስጥ ይሠሩ ነበር ማለት ነው። በ1972 ዓ.ም. «ደራሲው» የተባለውን ልብ ወለድ ሲያወጡ ለዋናው ሰው አምሳያ ያደረጉት አቶ ስብሐትን መሆኑ የታወቀ ነው፤ መጽሐፋቸው ያልታተመላቸው ሰው፥ በሌላ ሰው መጽሐፍ ውስጥ ገብተው ታተሙ። በ1975 ዓ.ም. ስለ ቀይ ኮከብ ዘመቻ የተረከው «ኦሮማይ» ወጣ። በጥቂት ቀን ውስጥ ከመሸጫ ተሰበሰበ፤ ደራሲው ከሥራቸው ተሰናበቱ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤታቸው እንደወጡ አልተመለሱም። መኪናቸው ብቻዋን መንገድ ላይ ተገኘች። ይህን መጽሐፍ የከሰሰ ዓቃቤ ሕግ የለም፤ የፈረደበትም ዳኛ የለም። «ኦሮማይ» በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ የወጣው በፈረንጆች 2025 ዓ.ም. ነው።

ከአምቦ መንገድ ብዙ ሳንርቅ ደግሞ፥ የሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅንን ነገር እናነሣለን። ጸጋዬ የተወለዱት በ1928 ዓ.ም. በአምቦ አቅራቢያ ባለችው በቦዳ ነው፤ አባታቸው ኦሮሞ፥ እናታቸው የአንኮበር አማራ ናቸው። በአምቦ ትምህርት ቤት ልጅ ሳሉ ስለ ንጉሥ ዲዮናስዮስ አንድ ተውኔት ጽፈው፥ ንጉሠ ነገሥቱ በተገኙበት ታየ። የጥንቱ ዲዮናስዮስ በጨካኝነቱ የታወቀ ገዢ ነው። አንድ የገጠር ተማሪ ስለ ጨካኝ ንጉሥ የጻፈውን፥ ንጉሥ በተቀመጠበት አዳራሽ ማሳየቱ የሚያስደንቅ ነው፤ ንጉሡ የሩቅ አገር ሰው ስለሆነ ማንም አልተቀየመም። ሎሬት ጸጋዬ ኋላ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርን ሲመሩ «ኦቴሎ»ን፥ «ማክቤዝ»ን፥ «ሀምሌት»ን ወደ አማርኛ የመለሱት በልጅነታቸው ያዩትን ይህን ነገር ሳያስታውሱ ይሆን እያልን እናስባለን። የስኮትላንድ ንጉሥ በአልጋው ላይ ሲታረድ አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ ማየት ይፈቀድ ነበር። የራሳቸው ተውኔቶች ግን፥ የከተማውን ድሀና የቡና ቤቱን ሰው በገዛ አነጋገሩ ወደ መድረክ ያመጡት ተውኔቶች፥ በተለያየ መንግሥት ዘመን የሳንሱርን መቀስ ደጋግመው ቀምሰዋል። በደርግ ጊዜ እስከ መታሰር ደርሰዋል። በ1998 ዓ.ም. በኒው ዮርክ አርፈው፥ አፅማቸው በአዲስ አበባ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ዐርፏል።

የአምቦንና የጊንጪን አገር ካነሣን ደግሞ፥ አንድ ሌላ ነገር ሳንናገር ማለፍ አይገባም። በደንዲ ተወልዶ በአፋን ኦሮሞ አፉን የፈታ ልጅ፥ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ልብ ወለድ ሊጽፍ ቢነሣ፥ ምን ልጻፍ ከማለቱ በፊት በምን ቋንቋ ልጻፍ ማለት ነበረበት። «በሪሳ» የተባለው የአፋን ኦሮሞ ጋዜጣ በመደበኛነት መውጣት የጀመረው ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ ነው፤ የሚታተመውም በግዕዝ ፊደል ነበር። የሎሬት ጸጋዬ የቅኔ ኃይል በአማርኛ ወጣ፤ አማርኛም በዚህ ከበረ። ሌሎች ግን ነበሩ፤ አራብሶውን የሚገጥሙት ሴቶች ቃላቸው በሠርጉ ግቢ ተወለደ፥ በሠርጉ ግቢ ቀረ። የአንዱን መጽሐፍ ቃል መሰረዝ ሳንሱር ከተባለ፥ ቋንቋውን በሙሉ ከማተሚያ ቤት ደጅ ማስቀረት ምን ሊባል እንደሚገባው አንባቢ ይፍረድ።

በ1985 ዓ.ም. የወጣው የፕሬስ አዋጅ ሳንሱርን ከለከለ፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በ29ኛው አንቀጽ ይህንኑ አጸና። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ጸያፍ ጽሑፍን የሚቀጣውን ድንጋጌ በአንቀጽ 640 ይዞ፥ በ641 ደግሞ የሥነ ጥበብ፥ የሥነ ጽሑፍና የሳይንስ ሥራዎችን፥ የፍትወትን ስሜት ለመቀስቀስ የታሰቡ እስካልሆኑ ድረስ፥ ጸያፍ አይባሉም ይላል። ይህ ነፃ ማውጫ አንቀጽ ሊመሰገን ይገባዋል፤ ነገር ግን አንድ ችግር አለበት። የደራሲ ሐሳብ የሚታወቀው በምንድር ነው? የፍቅር ታሪክ ጽፎ አንባቢውን ጨርሶ ሳያሞቅ የሚቀር ደራሲ፥ ነውር አልሠራም ይባል ይሆናል እንጂ ጥሩ ጻፈ አይባልም። ስለዚህ ዳኛው መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ከማንበብ፥ የሥነ ጽሑፍ ሊቃውንትንም ጠርቶ ከመስማት በቀር ሌላ መንገድ የለውም። የአንድምታ መምህራን ለመኃልየ መኃልይ ያደረጉት ይህንኑ ነበር፤ ዉልሲም ያደረጉት ይህንኑ ነው።

ልጆቻችን ምን ያነቡ ይሆን ብሎ የሚጨነቅ ወላጅ አለ፤ ጭንቀቱንም እናከብራለን። ለልጅ የማይሆን መጽሐፍ አለ፤ እንደ አረቄ ሁሉ። ነገር ግን የለንደኑ ዓቃቤ ሕግ የጠየቀውን ጥያቄ መልሰን ብንመለከት፥ ልጅን ለመጠበቅ የተጀመረው ነገር ሚስትንና አገልጋይን ከልጅ ቆጥሮ እንደሚያበቃ እናያለን። በእኛም አገር መርማሪው ራሱ መጽሐፉን አንብቦ ሲያበቃ አልተበላሸም፤ ይበላሻል ብሎ የፈራው ሌላውን ሰው ነው። ያ ሌላው ሰው ማን እንደ ሆነ ቢጠየቅ ምናልባት የጊንጪን ገበሬ ያመለክት ነበር፤ በልጁ ሠርግ ላይ ከዚያ የባሰውን ሰምቶ፥ ስቆ፥ ጠላውን ጠጥቶ የገባውን ሰው።

በዘመናችን ነውር የሚባለው ነገር ስፍራ እየለወጠ መምጣቱንም ማስተዋል ይገባል። በዛሬ ጊዜ ልብ ወለድ ጠብ የሚያስነሣው በገላ ምክንያት ከሚሆን ይልቅ በዘርና በታሪክ ምክንያት ነው። የአቶ ተስፋዬ ገብረአብ «የቡርቃ ዝምታ» በ1992 ዓ.ም. ወጥቶ ያስነሣው ክርክር ለዚህ ይበቃል። ይህ ከባድ ነገር ነው፤ ቃል ደም ያፈሰሰበትን ጊዜ አይተናልና ዝም ብሎ መናቅ አይቻልም። የጊንጪ ተማሪዎችም በኅዳር 2008 ዓ.ም. ስለ ጭሊሞ ደንና ስለ መጫወቻ ሜዳቸው ድምፃቸውን ባሰሙ ጊዜ የተከተለውን ሁሉ አገር ያስታውሰዋል። ይሁን እንጂ የልብ ወለድ ሰው የተናገረውን የደራሲው ቃል አድርጎ መያዝ፥ ከመካከል አንዱን ገጽ ቆርጦ ማዞር፥ ያው የቀዩ እስክርቢቶ ንባብ ነው፤ ልዩነቱ እስክርቢቶው ከመሥሪያ ቤት ወጥቶ በየሰዉ እጅ መግባቱ ብቻ ነው።

በመጨረሻ አንድ ልመና አለን። ችሎት ስላልነበረ የፍርድ መዝገብ አልተጻፈም፤ የዚያ ዘመን ክርክር የሚገኘው በእጅ ጽሑፎቹ ኅዳግ ላይ ነው። የትኛው ቃል ተሰረዘ፥ የትኛው ገጽ ተጠቀለለ፥ መርማሪው በጎን ምን ብሎ ጻፈ የሚለውን የሚነግረን ሌላ ምስክር የለም። በአዲስ አበባም ሆነ በአምቦ፥ በጊንጪም ሆነ በጉደር፥ አባቱ ወይም አያቱ ለሳንሱር አቅርበው የተመለሰላቸውን የድርሰትም ሆነ የተውኔት ወረቀት በሣጥን ያስቀመጠ ቤተ ሰብ ቢኖር፥ ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ የአገሪቱን ጽሑፍ ሲያከማች ለኖረው ለወመዘክር ቅጂውን እንዲያውስ እንጠይቃለን። በቀድሞው የማስታወቂያ ሚኒስቴር የሳንሱር ክፍል ሠርተው ዛሬ በጡረታ ላይ ያሉትም፥ የሠሩትን ሥራ አካሄድ ቢጽፉልን፥ ሳንነካ ሳንቆርጥ በዚህ ገጽ እናወጣዋለን።